ያውቁ ኖሯል? የአለቃ ገብረ ሐና ዝማሜ

መርካቶ ውስጥ ንዋያተ ቅድሳት ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ደጃፍ ላይ ቆም ይበሉ። የተደገፉትን መቋሚያዎች፣ ሲነኳቸው የሚንሿሹትን ጸናጽሎች፣ ጠፍር የተወጠረባቸውን ከበሮዎች ያያሉ። መቋሚያው በዝማሜ ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝበትን አንዱን ስልት ያፈለቁት፣ ብዙዎቻችን በቀልዳቸው ብቻ የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። ጎንደር ተምረው እዚያው ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ጣና ዳር ሳሉ ነፋስና ሞገድ ደንገሉን ሲያወዛውዘው አይተው፣ ያንን እንቅስቃሴ ለማኅሌቱ እንዳዋሉት ይተረካል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ የእርሳቸው ድርሻ ዜማው በአካል የሚገለጥበት መንገድ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ በማኅሌት ድምፅና እርምጃ አይነጣጠሉምና።

የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጅየው ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግቶ ደቀ መዛሙርት አፈራበት፤ ስልቱም «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ቀረ። ዛሬም የተክሌን አቋቋም ተምሮ ለማስመስከር የሚኬደው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው።

ለእኔ እኚህን ሊቅ በተረብ ብቻ ማስታወስ ትልቅ በደል ነው። መስከረም 1 ቀን መርካቶ ራጉኤል ለንግሥ ከሄዱ፣ ማኅሌቱ ሳያልቅ ይድረሱና የሊቃውንቱን መቋሚያ ልብ ብለው ይመልከቱ።