የሳን አንድሪያስን ብር የሚቀይር ፕሮግራም ሌላስ ምን ማየት ይችላል?

ኢንቦክስ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ላይ ብሩን በቺት ኢንጂን ስንቀይር፣ የጌሙን ፋይል ሳንነካ እንዴት ነው የሚሰራው? የልጆች ጥያቄ ይመስላል፤ መልሱ ግን ብሮውዘራችሁ ውስጥ እስካለው የይለፍ ቃል ድረስ ስለሚሄድ ዛሬ ረዘም አድርጌዋለሁ።

አንድ ፕሮግራም የሌላውን ሜሞሪ እንዲሁ ዘው ብሎ አያነብም። እያንዳንዱ ሲከፈት የራሱ የአድራሻ ቁጥሮች ይሰጡታል። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ቤት ቁጥር 12 በየብሎኩ እንዳለ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት የሜሞሪ አድራሻ በሁለት ፕሮግራሞች ዘንድ ሊኖር ይችላል፤ ራሙ ላይ የሚያደርሱት ግን ሌላ ሌላ ቦታ ነው። የትኛው ቁጥር የት እንደሚያደርስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በሰንጠረዥ ይይዛል፣ ፕሮሰሰሩም በዚያ ይመራል። ስለዚህ ቺት ኢንጂን የጌሙን አድራሻ ይዞ በራሱ ቢሄድ የራሱን ብሎክ ነው የሚያንኳኳው።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ «ኦፕን ፕሮሰስ» ብሎ ፈቃድ ይቀበላል፣ «ሪድ ፕሮሰስ ሜሞሪ» ብሎ ያነባል፣ «ራይት ፕሮሰስ ሜሞሪ» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም ማይክሮሶፍት በይፋ ያወጣቸው ፋንክሽኖች ናቸው። ዲበገሮችም የሚሰሩት በነዚሁ ነው፤ እየሰራ ያለ ፕሮግራም ውስጡ ካልታየ ባግ እንዴት ይገኛል?

ፍለጋው ራሱ ደስ የሚል ነው። ብራችሁ 3500 ከሆነ፣ ቺት ኢንጂን 3500 የያዘውን አድራሻ ሁሉ ይለቅማል። ብዙ ይመጣል፤ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ባይት ብቻ ነው፣ «እኔ ብር ነኝ» የሚል ምልክት የለበትም። ትንሽ ታጠፉና 3350 ሲሆን ከቀሩት መሃል እንደገና ታጣራላችሁ። ብዙዎቻችሁ «ቀየርኩት ግን ተመለሰብኝ» የምትሉት እዚህ ጋ ነው። የፒሲው 1.0 ቨርዥን ብሩን ሁለት ቦታ ይይዛል፦ አንዱ እውነተኛው፣ ከሱ 4 ባይት አለፍ ብሎ ደግሞ ስክሪን ላይ የሚታየው። የሚታየው ቁጥር ሁሌ እውነተኛውን ያሳድዳል፤ ብር ስታገኙ ቁጥሩ እየሮጠ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። የሚታየውን ብትቀይሩ ጌሙ መልሶ ወደ ቦታው ያመጣዋል። እውነተኛውን ስትቀይሩ ግን ሀብታም ናችሁ።

አዳዲስ ጌሞች ላይ አድራሻው በተከፈተ ቁጥር ስለሚቀያየር ፖይንተር (የሌላ ቦታን አድራሻ የያዘ ቦታ) እየተከተሉ መሄድ ያስፈልጋል። ኦንላይን ጌም ከሆነ ደግሞ አትልፉ፤ ብሩ በአብዛኛው ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ እናንተ ጋ ያለው ግልባጩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠየቅ ምን ያጣራል? የጠያቂውን ባለቤት። እናንተ የከፈታችሁት ፕሮግራም፣ እናንተው የከፈታችሁትን ሌላ ፕሮግራም ልይ ካለ በአብዛኛው ይፈቀድለታል። ጌም ይሁን ብሮውዘር አይመርጥም፤ የአድሚን ፈቃድ የምትጠይቀው መስኮት እንኳ ብቅ አትልም። ከማይታወቅ ቻናል አውርዳችሁ የከፈታችሁት ክራክም ያው በእናንተ ስም የሚሰራ ፕሮግራም ነው። «አድሚን አልሰጠሁትም እኮ» የሚለው መጽናኛ እኔን አያሳምነኝም። አድሚን ካገኘማ ይብሳል፦ ፈረንሳዊው ቤንጃሚን ዴልፒ በ2011 ያወጣው ሚሚካትዝ፣ ዊንዶውስ የመግቢያ መረጃ ከሚይዝበት ፕሮሰስ ሜሞሪ ውስጥ የይለፍ ቃሎችን አውጥቶ በማሳየት ነው የታወቀው። ማይክሮሶፍት ያንን ፕሮሰስ የሚከልል አማራጭ በዊንዶውስ 8.1 ጨመረ።

የሊኑክሱ ኡቡንቱ ይህን ፈቃድ ከ10.10 ጀምሮ ጠበቅ አድርጎታል፤ አንድ ፕሮግራም በተለመደው ሁኔታ መመርመር የሚችለው ራሱ ያስነሳቸውን ብቻ ነው።

አንድሮይድ ግን ዘዴኛ ነው። ሊኑክስ ሰውን ከሰው ለመለየት የሚጠቀምበትን የተጠቃሚ ቁጥር ወስዶ ለየአፑ አደለው። ለሲስተሙ ቴሌግራምና ካልኩሌተር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ የጌም ሜሞሪ የሚቀይረው ጌም ጋርዲያን ሩት (በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) የሚጠይቃችሁም ለዚሁ ነው። ሩት የሌለው ስልክ ላይ «ጌሙንና ጌም ጋርዲያንን አንድ ቨርቹዋል ስፔስ ውስጥ ክፈቱ» የሚል መመሪያ አይታችሁ ይሆናል። የሚሰራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ስፔሱ ሌሎች አፖችን በውስጡ የሚከፍት አፕ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሁለቱም በስፔሱ የተጠቃሚ ቁጥር ስለሚሮጡ ለሲስተሙ አንድ ሰው ይሆናሉ። ሁለተኛ አካውንት ለመክፈት ብላችሁ ቴሌግራማችሁን ወይም የባንክ አፓችሁን እዚያው ስፔስ ውስጥ የከተታችሁ ካላችሁ፣ የነሱም ሜሞሪ ለጎረቤቶቻቸው ክፍት ነውና ዛሬውኑ አውጧቸው።