ሕፃን ሲወለድ ትንፋሽ የሚያጥረው ለምንድን ነው?

ሕፃን እንደ ተወለደ መጀመሪያ የሚጠበቅበት ሥራ ማልቀስ ነው። በደጅ የቆመው ጎረቤት ሁሉ የሚያዳምጠው ያንኑ ነው። ልቅሶው ሲዘገይ ቤቱ ይደነግጣል፤ አንዱ «ዘቅዝቃችሁ ያዙት» ይላል፣ ሌላዋ ቀዝቃዛ ውሃ ታመጣለች፣ አንዷ ደግሞ ቅቤ ፍለጋ ትሮጣለች። ሕፃኑን ማዳን የሚቻልባቸው ደቂቃዎች በዚህ ያልፋሉ። እኛ በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ በበደሌና በዙሪያቸው ላሉ ቤተ ሰቦች ማስረዳት የምንፈልገው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነገር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት የሚያሳይ መሆኑን ነው።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይጠቀምም፤ ሳንባው ውሃ የሞላበት ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ይደርሰዋል። ምጥ በመጣ ቁጥር ማኅፀን ይጨመቃል፤ በዚያን ጊዜ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ነገሩ ወንዝ ውስጥ ጠልቆ ትንፋሹን እንደ ያዘ ዋናተኛ ነው። ምጡ ጋብ ሲል ደሙ ይመለሳል፣ ሕፃኑም ያገግማል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል። ምጡ ከረዘመ ወይም ያለ ዕረፍት ከተደራረበ ግን ይደክማል፤ ሲወለድ ለማልቀስ ኃይል ያጣል።

ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው የቆየ ምጥ ነው። ጧት 12 ሰዓት የጀመረ ምጥ ማታ 12 ሰዓት ከደረሰ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጠበቅ ነገር የለም። በመጀመሪያ ልጅ ምጥ ይረዝማል መባሉ እውነት ነው፤ ግን «የመጀመሪያ ነውና ይቆያል» እየተባለ ስንት ሰዓት በከንቱ ያልፋል! ምጡ ይፋጠን ብሎ ሥር ማጠጣት፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት መርፌ አምጥቶ በቤት መውጋት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ምጡን ዕረፍት ያሳጣዋልና ሕፃኑን ያፍናል፤ የእናቲቱንም ማኅፀን እስከ መቅደድ ይደርሳል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ምጥ ባይጀምርም እንኳ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ዓይነ ምድር ወጥቶታል ማለት ነው፤ ይህን ወደ ሳንባው ከሳበው መተንፈሻውን ይደፍንበታል። ውሃው ከሸተተ ወይም እናቲቱ ካተኮሳት በሽታ ገብቷል። ከምጥ በፊት ደም ከታየ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ወይም ሕፃኑ እንደ ወትሮው መንቀሳቀሱን ከተወ፣ ነገ እንሄዳለን አይባልም። መንታ ያረገዘችና ሕፃኑ አግድም የተኛባት እናት መውለድ ያለባት ሐኪም ባለበት ነው፤ ይህም የሚታወቀው በእርግዝና ምርመራ ነው።

ደም ማነስም ሕፃኑን ይጎዳል። የእናቲቱ ደም ከቀነሰ ለሕፃኑ የሚደርሰው አየርም ይቀንሳል። ወባ ደምን ይጨርሳል፣ ሕፃኑም ቀጭጮ እንዲወለድ ያደርጋልና ነፍሰ ጡር ያለ አጎበር አትተኛ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረት ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናገራለን፣ የቡና አገር ሰው ባይወድልንም፦ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። ቡና አትጠጡ አላልንም፤ ከምግቡና ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ እንጂ።

ወሩ ሳይሞላ የሚወለድ ሕፃን ችግሩ ሌላ ነው። ሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባት አላቸው፤ ያለ ጊዜው የመጣ ሕፃን ይህ ቅባት አልበቃውም። አልቅሶ ከተወለደም በኋላ በየትንፋሹ ይታገላል። ያለ ወሯ ምጥ የጀመራት እናት በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰች የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ልትወጋ ትችላለች። መርፌው የሚረዳው ከመውለዷ በፊት ሲሰጥ ነው። በመቱ ካርል ሆስፒታል ለእንደነዚህ ያሉ ጨቅላ ሕፃናት የተለየ ክፍል አለ።

ይህን ሁሉ ብንናገር ኢሉባቦር ዝናም የሚበዛበት አገር መሆኑን ዘንግተን አይደለም። መንገዱ ሲጨቀይና ወንዙ ሲሞላ አምቡላንስ በሌሊት ከቀበሌው አይደርስም። እንግዲህ ምጥ ከመጣ በኋላ ከመሯሯጥ ቀኑ ሲቃረብ ወርዶ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መሰንበት ይሻላል። «ከብቱን ማን ያያል? ልጆቹንስ?» ትሉናላችሁ። ባልየውና አማት አስቀድመው ይምከሩበት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ክፍያ የለውም። በ2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ100 ልደቶች በጤና ድርጅት የተወለዱት 48 ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናትም 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል።

ሕፃን ሳያለቅስ ከተወለደ መዘቅዘቅ፣ በጥፊ መምታት፣ ውሃ መርጨት፣ ቅቤ ማስዋጥ አያስፈልግም፤ ይጎዳዋል። ወዲያው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ እርጡቡን ጨርቅ በደረቅ መለወጥ ነው። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይነቃሉ። ካልነቃ አዋላጅ ነርሷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ትሰጠዋለች። ይህ መሣሪያ በቤት የለም፤ በጤና ጣቢያ ውለዱ የምንለውም ስለዚህ ነው።

አራስ ቤቱንም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እርጥብ ማገዶ የሚጨስበት፣ ዕጣን የሚታጠንበት፣ ቡናም የሚቆላበት ክፍል ለጨቅላ ሳንባ አይሆንም። እንጨቱ ከወር በፊት ይድረቅ፤ ምግቡም በሌላ ቤት ይሠራ። «ታዲያ ብርዱስ?» ለሚል፣ ሕፃኑን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ከላይ ጋቢ መደረብ ነው። የእናት ገላ ጭስ የሌለው ምድጃ ነው። ገላውን ማጠቡ እስከ ማግስቱ ይቆይ።

ከዚያ በኋላ ትንፋሹን እዩ። ሕፃኑ ጸጥ ሲል ሰዓት ወይም ስልክ ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ አፍንጫው ከተነፋ፣ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ጡት መጥባት እንቢ ካለ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ስትሄዱም በእናቱ ደረት ላይ እንደ ታቀፈ ይሁን፤ መጥባት የሚችል ከሆነ በመንገድም ይጥባ። ከንፈሩ እንዲታይ ፊቱን አትሸፍኑት።