ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

በልደታ ጋራዦች አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ለውድድር ይዘጋጅ ሲባል ወሬው ቶሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ቴስታታው ይላግ፣ ካርቡራተሩ ይቀየር፣ ማርሚታው ይከፈት ይባላል። ገንዘቡ እዚያው ያልቅና ፍሬኑና ጎማው እንደነበሩ ይቀራሉ። ይህ ቅደም ተከተል የትም ቢሆን አያዋጣም፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ጭራሽ የተገለበጠ ነው፤ ምክንያቱ አየሩ ነው።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀልላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ማቃጠል የሚችለው የሳበውን አየር ያህል ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ የዲኤክሱ 1.3 ሊትር ሞተር እዚህ የሚሰጠው ጉልበት ወደብ ላይ የ1 ሊትር ሞተር ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። ካርቡራተሩ ደግሞ የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ነዳጁን እንደ ቆላው ስለሚለቅ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ጂግለሩን ወደ አነስተኛ ቁጥር መለወጥ ተገቢ ነው፣ ርካሽም ነው። ቴስታታ ማስላግም ቢሆን መሠረት የለውም አይባልም፤ በከፍታ ቦታ ሞተር ቶሎ ስለማያንኳኳ ከፍ ያለ እመቃ ይችላል። ሆኖም የሚገኘው ጥቂት ፈረስ ጉልበት ነው፤ ከፍታው የወሰደውን አይመልስም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላውን ነገር ነው። የሳሳው አየር ሞተሩን እንዳደከመ ሁሉ መኪናውን የሚገታበት ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ መኪናው ፍጥነት ለመጨመር ይዘገያል እንጂ፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ካገኘ የመጨረሻ ፍጥነቱ ከቆላው እምብዛም አያንስም። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ግን አየሩ እንደ ቆላው አያግዘውም፤ የጋለውን ዲስክ የሚያቀዘቅዘውም ያው የሳሳ አየር ነው። ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሹፌሩን ጨምሮ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 50 ሲወርድ ፍሬኑ 290 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይውጣል። ይህ አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ አዲስ አበባ ላይ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ነው፤ ያውም በሁለት ሦስት ሰከንድ፣ ያውም በየኩርባው። አብዛኛው ደግሞ የሚያርፈው የፊት ዲስኮቹ ላይ ነው፤ የኋላው ታምቡር ድርሻው ትንሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዓመታት ቆይቶ እርጥበት ከጠጣ ግን መመዘኛው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ትኩስ ዶት 4 ዘይት (230 ዲግሪ)፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራና አዲስ የፍሬን ጎማ ቱቦ ከአንድ የሞተር እድሳት ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው ትንሽ ነው።

«ቱርቦ ቢገጠምስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ በከፍታው የጠፋውን ጉልበት ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ለዚያ ጫና ያልተሠራ አሮጌ ሞተር ላይ ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት ከተማ ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን በትክክል ካልያዘ ጓርኒሲዮኑ አይተርፍም። ቱርቦው ቢሳካ እንኳ መኪናው ኩርባው ጋ የሚደርሰው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ሙቀቱ የሚያድገው ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ጉልበት የሌለው መኪና ውድድር አያሸንፍም ለሚል ፔጆ 404 አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ 4 ጊዜ ያሸነፈው ይህ የቤተሰብ መኪና የታወቀው በጥንካሬው እንጂ በፈረስ ጉልበቱ አልነበረም። በርግጥ ሳፋሪ የአስፋልት ዙር ውድድር አይደለም፤ ይሁንና ሳይሰበር መጨረስ በሁለቱም ዘንድ ዋጋ አለው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከነጭራሹ አሮጌ መኪና ለምን የሚለው ነው። ኤቢኤስና ኤር ባግ ያለው አዲስ መኪና ለሹፌሩ እንደሚሻል አያከራክርም። ግን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወድዷል፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ለአማተር ተወዳዳሪ የቀረው አገር ውስጥ ያለው፣ ዕቃው ሶማሌ ተራ የሚገኘው፣ ቀላሉና በኋላ እግሩ የሚነዳው ዲኤክስ ነው። እንግዲያው ጥያቄው ቦዲው ላይ ይመጣል። ባቲላሜራ ያሳመረው መኪና ከውጭ አያስታውቅም፤ ከበሩ ሥርና ከወለሉ ጥግ ማግኔት ማስጠጋት ግን በቂ ነው፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። የተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ያለ ብረት ኬጅ መግባት አይገባም፤ የኬጁ እግር የሚበየደው ደግሞ ወለሉ ላይ ነው። የዛገ ላሜራ ላይ የተበየደ ኬጅ መኪናው የተገለበጠ ዕለት ወለሉን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ለቴስታታው የታሰበው ብር መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ላሜራውና ወደ ፍሬኑ ነው፤ ከተረፈ ወደ ጎማ።