ሆድ ነው ወይስ ዕጢ? ክብደት አልቀንስ ላላቸው እኅቶች

በሽንዲ ገበያም ሆነ በቡሬ መናኸሪያ፣ ሳይተያዩ የቆዩ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ወፍረሻል! ተመችቶሻል ማለት ነው!» በባላገሩ ዘንድ ውፍረት የጥጋብና የሰላም ምልክት ነው፤ «ምነው ምን ሆነች?» የሚያሰኘው ክሳት ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የወፈረች ሴት ሆዷን መግዛት ያቃታት ተደርጋ ትታያለች። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን «ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው» የሚለው ትምህርት አንዳንዴ በወፍራሞች ላይ እንደ ድንጋይ ይወረወራል።

ሁለቱ አስተያየቶች ተቃራኒ ቢመስሉም አንድ ነገር ይጋራሉ። ሴቲቱ ታምማ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዱ ያመሰግናታል፣ ሌላው ይወቅሳታል፤ እርሷ ግን ቀን በቀን እየደከመች፣ እየበረዳትና እየከበዳት ትሄዳለች።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምናነሣው በአመጋገባቸው ተጠንቅቀው፣ በሥራና በእንቅስቃሴ ተግተው፣ ነገር ግን በሆርሞን መዛባት ምክንያት ክብደታቸው አልቀንስ ስላላቸው እኅቶች ነው።

እንቅስቃሴ ያልጎደላት ሴት

የወምበርማ ወረዳ ገበሬ ሚስት ለሰውነት እንቅስቃሴ ምክር የሚያስፈልጋት አይደለችም። ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ በቆሎ ትኮተኩታለች፣ በርበሬ ትለቅማለች፤ ልጅ አዝላ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። እንዲህ የምትደክም እናት ከወትሮው ሳትጨምር እየበላች ፊቷ ካበጠ፣ ቀለበቷ አልወልቅ ካለና ቀሚሷ ከጠበባት «ሰነፈች» ወይም «ደላት» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

እርግጥ ነው፣ ውፍረት ሁሉ ከሆርሞን የመጣ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚወፍረው ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚበላና ስለማይንቀሳቀስ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን የሚገባትን ሁሉ እያደረገች ለውጥ ያላየች እኅት ሌላ ምክንያት ካለ ልትመረመር ይገባታል።

በአንገት ላይ ያለችው ትንሽ ዕጢ

ከጉሮሯችን ፊት ለፊት የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት የታይሮይድ ዕጢ አለች። የምታመነጨው ሆርሞን በደም አማካይነት ወደ መላው አካል እየሄደ፣ ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል። ምድጃ ላይ እንዳለ እሳት አድርገን እናስበው፤ እንጨቱ ቢኖርም እሳቱ ከደከመ ድስቱ አይፈላም። ሆርሞኑ ሲያንስም እንዲሁ ሁሉም ነገር ይዘገያል።

ምልክቶቹ ቀስ ብለው ስለሚመጡ «ዕድሜ ነው»፣ «የወሊድ ድካም ነው» እየተባለ ይታለፋሉ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም፣ ሌላው ሳይበርደው መብረድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና የፀጉር መነቃቀል፣ የድምፅ መጎርነን፣ የፊትና የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ የወር አበባ መብዛት ወይም መዛባት፣ የመርሳትና የመተከዝ ስሜት፣ እንዲሁም የክብደት መጨመር። የታይሮይድ ሕመም ሴቶችን ከወንዶች ከ5 እስከ 8 እጥፍ ያህል ያጠቃል።

የጎጃም እንቅርትና የጨው ነገር

እንቅርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ራሱ ምስክር ነው። አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንም አንዳንዶቹ የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ንቅሳቱ እንቅርትን ያስቀራል ተብሎ ስለሚታመን ነበር።

የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኗን የምትሠራው አዮዲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። በደጋማው አገር ለዘመናት የወረደ ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው፣ ከዚያ መሬት የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢዋ ያላትን ጥቂት ለማብቃቃት ስትታገል ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው።

መፍትሔው ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ነው። ስዊዘርላንድ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። በእኛ አገር ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው በ1990 ዓ.ም. በተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተቋረጠ፤ ገበያውን የያዘው የአፋር ጨው ደግሞ ያኔ አዮዲን አልነበረውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች መካከል 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኘ። ትልቅ እመርታ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንለይ። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ሆርሞን አንሶታል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በአንዳንዶች ሆርሞኑ በዝቶ ያከሳል። በሌላ በኩል እንቅርት ሳይታይባቸው ሆርሞኑ የሚያንሳቸው አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሰውነታቸው መከላከያ ኃይል የገዛ ዕጢያቸውን የሚያጠቃባቸው ናቸው። ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ በመሆኑ በስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለውን ሕመም ጨው አያድነውም፤ ኪኒን ያስፈልገዋል።

ኪኒኑ ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?

እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ሆርሞኑ ክፉኛ ላነሳት የ46 ዓመት ሴት ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሰጣት። ሴቲቱ ድና ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ በግ ማረድ አያስፈልግም፤ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ዕጢዋ መሥራት የነበረባትን ሆርሞን ይተካል።

ስለ ክብደት ግን እውነቱን እንናገር። በታይሮይድ ማነስ ብቻ የሚጨምረው ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ አብዛኛውም በሰውነት የታቆረ ጨውና ውኃ ነው። ስለዚህ ኪኒኑ የማክሻ መድኃኒት አይደለም። የሚሠራው ሰውነትን ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ጉልበት ሲመለስ፣ ድብርቱ ሲገፈፍ፣ ጥንቃቄና እንቅስቃሴ ፍሬ ማፍራት ይጀምራሉ። ቶሎ ልክሳ ብሎ ከታዘዘው በላይ መዋጥ ልብን ያስጨንቃል፣ አጥንትንም ያሳሳል።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ከታይሮይድ ሌላ በወጣት ሴቶች ዘንድ የሚበዛው ሐኪሞች ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ. የሚሉት የሆርሞን መዛባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ይኖርባቸዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ አያውቁትም። የወር አበባ ለወራት ይጠፋል፤ በአገጭና በከንፈር ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ብጉር ይበዛል፤ እርግዝና ይዘገያል፤ ቦርጭ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው የኢንሱሊን ችግር ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ሰውነት ለጥሪው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ቆሽት አብዝታ ታመነጫለች፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ስብ እንዲከማችና የወንድ የሚባሉት ሆርሞኖች እንዲበዙ ያደርጋል። የምሥራቹ ይህ ነው፤ ከክብደቷ ከ100 ከ5 እስከ 10 እጁን ብቻ የቀነሰች ሴት ብዙ ጊዜ የወር አበባዋ ይስተካከላል፤ የመፀነስ ዕድሏም ይጨምራል። 80 ኪሎ ለምትመዝን እኅት ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው። እንደ ሙሽራነቷ ዘመን መቅጠን አይጠበቅባትም።

መድኃኒቶችም አሉ። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያሉት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ፊትን ያሞላሉ፣ ሆድንም ይገፋሉ። እነዚህን ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ መጀመርም ሆነ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ማማከር ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

*መመርመር።* እኅቴ ሆይ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች ካሉብሽ ጤና ባለሙያውን «የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ። ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ልትላኪ ትችያለሽ። የስኳርና የደም ማነስ ምርመራም አብሮ ቢታይ መልካም ነው።

*ኪኒኑን በሥርዓት መዋጥ።* ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቁርስና ቡና ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይቆያሉ። የአይረንና የካልሲየም ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር። መጠኑ ሲቀየር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም እንደገና ይመረመራል። ካረገዝሽ ፈጥነሽ ለሐኪም ንገሪ፤ መጠኑ መጨመር ይኖርበታል፤ የሕፃኑ አእምሮ እድገት በዚህ ሆርሞን ላይ የተመሠረተ ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ አይተናልና ኪኒኑ ሳያልቅ አስቀድሞ መግዛት ብልህነት ነው።

*ማዕዱን ማስተካከል።* እንጀራና የበቆሎ ቂጣ ላይ ድንች ጨምሮ፣ ከላይ ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት ለኢንሱሊን ከባድ ሸክም ነው። እንጀራውን ቀንሰን ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ጎመኑንና እንቁላሉን እንጨምር፤ ከሻዩ ስኳሩን እንቀንስ፤ ለስላሳውን ለበዓል እንተወው።

*ጨውን መጠበቅ።* አዮዲን ያለበት የታሸገ ጨው ገዝተን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ እናስቀምጥ። ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት አዮዲኑን ያባክኑታልና ወጥ ላይ የምንጨምረው ሊወጣ ሲል ይሁን። ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጨውም አዮዲኑን ያጣል።

«ማን ኃጢአት ሠራ?»

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ መጀመሪያ የፈለጉት ጥፋተኛ ነበር፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ዛሬም በወፍራም እኅት ላይ የምንጠይቀው ያንኑ ነው። ሆዳምነት ኃጢአት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ቀጭን ሆዳም እንዳለ ሁሉ፣ ወፍራም ሆና በልክ የምትበላም አለች። እግዚአብሔር ልብን እንጂ ፊትን እንደማያይ 1ኛ ሳሙኤል 16፥7 ያስተምረናል፤ ሚዛንም የሚያሳየው ኪሎ ነው እንጂ ቅድስናን አይደለም።

ጾምንም ለክብደት መቀነሻ አናድርገው። ጾም የጌታን ፊት የምንፈልግበት ነው፤ ኪሎ ለመጣል የምንራብ ከሆነ ስሙን ሳንለውጥ «ምግብ ቀነስሁ» ብንል ይሻላል።

«ጌታ ፈውሶኛል» ብለው ኪኒኑን የሚያቆሙም አሉ። ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን። ነገር ግን በሉቃስ ምዕራፍ 17 አሥሩን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ የላካቸው እርሱ ራሱ ነው። እንግዲህ የተፈወሰች እኅት ደሟን ብታስመረምር እምነቷን አታጎድልም። ሕዝቅያስም ተጸልዮለት፣ ፈውስም ተነግሮለት ሳለ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ ተደርጎለታል (2ኛ ነገሥት 20)። ጸሎትና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም።

ባሎች ሆይ፣ የሚስታችሁን ውፍረት ለቀልድ አታድርጉት። ልጅ ቢዘገይም «ከእርሷ ነው» ብላችሁ ለዘመድ ወሬ አሳልፋችሁ አትስጧት፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ለካርድና ለትራንስፖርት የሚወጣው ገንዘብ ከቤቱ ወጪ የመጀመሪያው ይሁን። የሴቶች ኅብረት መሪዎችም ስለ መካንነትና ስለ ድካም ስትጸልዩ «ተመርምረሻል?» የሚለውን ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁ።

ለዓመታት በከንቱ ስትታገይ የኖርሽ እኅቴ ሆይ፣ ድካምሽ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያደረገው ወቀሳ አልነበረም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና (1ኛ ነገሥት 19)። የአንቺም መንገድ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑም በየወሩ ጥቂት ብቻ ይወርድ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ግን አንድ ነገር አድርጊ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂና ተመርመሪ። ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን።