አባቶች ሆይ፣ ማጥባቱ እናንተንም ይመለከታል

እህት ስትወልድ «እንኳን ጌታ ማረሽ» ብለን፣ ገንፎውን በልተን እንወጣለን። ስለ ማጥባት ምክር የሚሰጠው ግን ለእናቲቱ ብቻ ነው፤ አባት ውጭ ይቀመጣል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በፋብሪካ የሚሠሩ እናቶች ብዙ ናቸው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ከነደመወዝ ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ እስከ 6 ወር ድረስ ውኃ እንኳ ሳይጨመርለት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። እንግዲህ የቀሩትን 3 ወራት ማን ያግዛት?

ከመጀመሪያው ቀን እንነሣ። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። ቢጫው እንገር በሽታ ይከላከላልና አይጣልም። አያት ቅቤ ላቅምሰው ስትል «እማዬ፣ ይቆየን» ማለት ያለበት ልጇ ነው፤ ምራቷ ብትለው ግን ጠብ ነው!

እናት ሥራ ስትገባ የታለበው የጡት ወተት ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ይሰጠው። የማታ ፈረቃ ያለው አባት ይህን ቀን ላይ ሊሠራው ይችላል።