ሰበቃን ችላ ማለት የማይቻልበት ማሽን፦ አዲስ ስኩተር ስለ መገጣጠምና ስለ መንዳት

በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኝ አንድ ሐረግ አለ፤ ይኸውም «ሰበቃን ከቁጥር ሳናስገባ» የሚለው ነው። ተማሪው በተዳፋት ላይ የሚንሸራተተውን ሣጥንም ሆነ በፑሊ ላይ የተንጠለጠለውን ክብደት ሲያሰላ ሰበቃ ወደ ጎን ይተውለታል። ይህ ስሌትን ለማቅለል ተገቢ ቢሆንም፣ ሰበቃን ጉልበት የሚያባክን ጠላት አድርጎ ብቻ የመቁጠር ልማድ ያሳድራል። ከማሸጊያው ገና የወጣ ርካሽ ስኩተር የዚህን ልማድ ጉድለት በሚገባ ያሳያል። የስኩተሩን ክፍሎች አንድ አድርጎ የሚይዛቸው፣ ጎማውን ወደ ፊት የሚያስኬደው፣ ፍሬን ሲያዝ የሚያቆመውና በኩርባ ላይ ሳይንሸራተት የሚያሳልፈው ሰበቃ ነው። አዲስ ስኩተር አደገኛ የሚሆነውም ሰበቃ ሊበዛ በሚገባው ቦታ ገና ያልተሟላ፣ ሊቀንስ በሚገባው ቦታ ደግሞ የበዛ በመሆኑ ነው።

ከማሸጊያው የሚወጣው ምንድን ነው?

በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ስኩተሮች በብዛት የሚመረቱት በቻይና ነው። በነዳጅ ከሚሠሩት መካከል እጅግ የተለመደው ሞተር «ጂዋይ6» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር ሲሆን፣ በብዛት 50 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት አለው። በትንሹ ሞተር ላይ የሚታተመው «139ኪውኤምቢ» የሚለው ምልክት ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ 1 የሲሊንደሩን ብዛት፣ 39 ደግሞ የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል።

ስኩተሩ በማጓጓዣ ውስጥ ቦታ እንዳይፈጅ የፊት ጎማው፣ መሪው፣ መስታወቶቹና ባትሪው ተለይተው በብረት ማቀፊያና በካርቶን ይታሸጋሉ። ስለዚህ ገዢው ሳያውቀው የፋብሪካው የመጨረሻ ሠራተኛ ይሆናል። ለእርሱ የሚቀሩለት ሥራዎች ቀላል ቢመስሉም የፊት ጎማና መሪ የነጂው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ክፍሎች ናቸው።

ቡሎን የሚይዘው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ቡሎንና ዳዶ አንድን ነገር አጥብቀው የሚይዙት ጥርሳቸው ስለሚቆላለፍ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ቡሎን ሲጠብቅ እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገልም የሚያያይዛቸውን አካላት እርስ በርሳቸው ይጫናቸዋል። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 እንደገለጸው፣ የሰበቃ ኃይል ሁለቱን ገጾች ከሚያገናኘው ጫና ጋር ተመጣጣኝ ነው። ጫናው ሲበረታ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ አይንሸራተቱም።

ይህን ጫና በግምት ለማስላት መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀላል ቀመር አለ፦

የማጥበቂያው ቶርክ = 0.2 × የቡሎኑ ዲያሜትር × የጫናው ኃይል

ለምሳሌ ያህል 12 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለውን የፊት ጎማ አክስል በ60 ኒውተን ሜትር ብናጠብቀው የሚገኘው ጫና 25,000 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የሁለት ቶን ተኩል ክብደት ያህል ነው። የየስኩተሩ ትክክለኛ ቁጥር ግን ከመመሪያው መጽሐፍ መወሰድ አለበት።

በቀመሩ ውስጥ ያለው 0.2 የመጣው ከሰበቃ ነው። ቁልፉን ስናዞር ከምናወጣው ጥረት ከመቶ 50 ያህሉ በቡሎኑ ራስ ሥር፣ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ ቡሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው 10 ያህሉ ብቻ ነው። ደረቅ እንዲሆን የታሰበን ጥርስ ዘይት ብንቀባውና 0.2 ወደ 0.15 ቢወርድ፣ ያው 60 ኒውተን ሜትር ከ33,000 ኒውተን በላይ ጫና ይፈጥራል። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ቡሎን ደግሞ ይበጠሳል፤ በአሉሚኒየም ውስጥ የገባ ከሆነም ጥርሱን ይገፍፋል። ስለሆነም «አጥብቆ ማሰር» በክንድ ስሜት የሚወሰን ጉዳይ ሳይሆን ቶርክ ሬንች በሚባለው መለኪያ ባለው ቁልፍ የሚለካ ነው።

በትክክል የጠበቀ ቡሎንስ ለምን ይላላል? ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት መልሱን ሰጥቷል። የተያያዙት ገጾች በንዝረት ምክንያት ወደ ጎን ጥቂት በተንሸራተቱ ቁጥር በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ወደዚያ አቅጣጫ ስለሚውል፣ ቡሎኑን ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ኃይል አይቀርም፤ ማንም ሳይነካውም በራሱ ይፈታል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ስኩተሩን በሰከንድ 100 ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ ላይ በአዲስ ብረት ላይ ያለው ቀለምና ሸካራ ጫፍ ከጫናው ሥር ስለሚደፈጠጥ ቡሎኑ ከልጥጠቱ ከፊሉን ያጣል። ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የአክስሉን፣ የመሪውን፣ የሞተሩንና የማርሚታውን ቡሎኖች እንደገና መፈተሽ የሚያስፈልገው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።

የፊት ጎማ ሲገባ የፍሬኑ ዲስክ በሁለቱ ሸራዎች መካከል በትክክል መቀመጡን፣ ጎማውም በነጻነት መዞሩን ማረጋገጥ ያሻል። ከዚያም መሪውን ከዳር እስከ ዳር በማዞር የፍሬኑ ቱቦም ሆነ የነዳጅ መስጫው ሽቦ እንደማይወጠር ማየት ይገባል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ስኩተሩን በእጅ እየገፉ ሁለቱንም ፍሬኖች መሞከር ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ፈተና ነው።

አዲስ ፍሬን ለምን ይሰንፋል?

ለዓይን ለስላሳ የሚመስል ገጽ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው። አዲስ የፍሬን ሸራና አዲስ ዲስክ ሲገናኙ የሚነካኩት በጫፎቻቸው ብቻ ነው። ገጾቹ ተፋቅረው እስኪገጥሙና ከሸራው የወጣ ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ በእኩልነት እስኪለጠፍ ድረስ ፍሬኑ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ለዚህም መኪና በማይበዛበት ሜዳ ከ30 ወይም ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ደጋግሞ ማቀዝቀዝ፣ በየመካከሉም ዲስኩ እንዲበርድ ጊዜ መስጠት ይረዳል። ዲስኩን በቅባት እጅ መንካት ግን ይህን ሥራ ሁሉ ያበላሻል።

የልዩነቱን ክብደት በቁጥር እንመልከት። ነጂውን ጨምሮ 180 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለው ስኩተር በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጓዝ 17,000 ጁል ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት አለው፤ ለመቆም ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሸራውም ጎማውም በደረቅ አስፋልት ላይ ተባብረው 0.7 የሰበቃ ቁጥር ያህል ቢያስገኙ ማቆሚያው 14 ሜትር ነው። ይህ ቁጥር በግማሽ ቢቀንስ ርቀቱ 28 ሜትር ይሆናል። ነጂው አይቶ እስኪወስን የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ደግሞ በሁለቱም ላይ ሌላ 14 ሜትር ይጨምራል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ቢኖር እያንዳንዱ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢው ይረዳዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የፊት ፍሬን «ይገለብጣል» በማለት የኋላውን ብቻ ይይዛሉ። ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ ጫናው ከኋላ ወደ ፊት ጎማ ይሸጋገራል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.6 ሜትር ከፍ ባለ፣ ጎማዎቹም 1.25 ሜትር በተራራቁ ስኩተር ላይ፣ ከላይ የተጠቀሰው አቋቋም ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ያህሉን ወደ ፊት ይወስዳል። ጫናው በቀነሰበት በኋላው ጎማ ላይ ሰበቃውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስኩተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው። ሁለቱንም በአንድነት፣ በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝ ተገቢ ነው።

ሰበቃ የሚበዛበት ቦታ

በሞተሩ ውስጥ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ ገና አልተፋቀሩም፤ ጫፎቻቸው እየተሰበሩ ወደ ዘይቱ ይገባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሳይሰጡ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ሳይቆዩ መንዳት፣ የመጀመሪያውንም ዘይት በመመሪያው መሠረት ቀድሞ መቀየር ያስፈልጋል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል፣ እፍግታው ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩ አቅም ያጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ስለሚያጥብ ያንኑ የማይፈለግ ሰበቃ ይጨምራል። መፍትሔው ካርቡራቶሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስኩተር ይህ ችግር የለበትም፤ ቡሎኑ፣ ፍሬኑና ጎማው ግን ከሌላው አይለዩም።

በኩርባ ላይ

በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት 15 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ ለመዞር ስኩተሩ 25 ዲግሪ ያህል መጋደል አለበት፤ ከጎማውም 0.47 የሰበቃ ቁጥር ይጠይቃል። ፍጥነቱ 40 ሲሆን የሚጠየቀው 0.84 ይደርሳል፤ ይህን ርጥብ ወይም አሸዋ የለበሰ መንገድ አይሰጥም። አዲስ ጎማ ደግሞ ከቅርጽ ማውጫው የወጣ ልሙጥ ገጽ ስላለው፣ ለመጀመሪያዎቹ 100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል። በተጨማሪም ጎማው ያለው ሰበቃ አንድ ሲሆን፣ መዞርና መቆም ይካፈሉታል፤ በመዞር ላይ ያዋለው ነጂ ለመቆም የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለሆነም ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው።

እንግዲህ ሰበቃው ገና ላልተሟላ ስኩተር መፍትሔው ምንድን ነው? የማቆሚያ ርቀት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ መልሱን ይሰጠናል። ሰበቃው በግማሽ የቀነሰ ስኩተር በ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሄድ በ7 ሜትር ይቆማል፤ ይህም በሙሉ ሰበቃ በ50 ከሚሄደው በግማሽ ያነሰ ርቀት ነው። ቡሎኖቹ እንደገና እስኪፈተሹ፣ ሸራው እስኪገጥምና ጎማው እስኪሻክር ድረስ ነጂው የጎደለውን ሰበቃ በዝግታ ሊተካው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋጋ የጥቂት ቀናት ትዕግሥት ብቻ ነው።