ለንግድ ቤታችን የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ነጋዴ የሚዛኑን ትክክለኛነት ይጠነቀቃል። ሒሳብ የሚይዝበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም በማን ፈቃድ እንደተጫነስ ይጠይቃል? ዛሬ ይህንን እናያለን።

ሶፍትዌር በፈቃዱ ዓይነት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የንግድ ሶፍትዌር ነው። ኩባንያው የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ለራሱ ይዞ የመጠቀም ፈቃዱን ብቻ ይሸጣል። ሁለተኛው ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ ይባላል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛውና እንዲያሻሽለው አዘጋጆቹ በጽሑፍ ፈቅደዋል። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፣ እንዲሁም ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሥራ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ ከዚህ ወገን ናቸው።

በገበያችን ግን ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የንግዱን ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ ኮፒ አድርጎ መጫን። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መድፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ያስጠብቃል። ታዲያ የፈቃድ መግዣ ያጠረው ነጋዴ የሰው ሐቅ ሳይነካ የሚሠራበት በር ክፍት ምንጭ ነው።

ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ሠራተኛ በጨመርን ቁጥር ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፈቃድ አንገዛም። ሊብሬኦፊስ ሰነዶቻችንን የሚያስቀምጥበት ቅርጽ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ስለዚህ የአሥር ዓመት መዝገባችን በአንድ ኩባንያ እጅ አይወድቅም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሲያበቃ፣ አዲሱን መሸከም ያቃታቸው ኮምፒውተሮች ቀለል ባለ ሊኑክስ ገና ሊሠሩ ይችላሉ።

ሆኖም ፈቃዱ ነፃ ነው ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ባለሙያ መቅጠር ገንዘብ ይጠይቃል። የሒሳብ ሠራተኛችን የለመደው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ ፈቃዱን መግዛት ይሻላል። ኮዱ ክፍት መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው ክፍት ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የታወቀው የደህንነት ቀዳዳ ሁለት ዓመት ያህል ተደብቆ ቆይቷል። ማሻሻያዎችን በየጊዜው መጫን ግድ ነው።

ስለዚህ በችኮላ አንቀይር። በመጀመሪያ የሰነዶቻችንን ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ እናስቀምጥ። ቀጥሎም ዊንዶውሱን ሳንነካ ሊብሬኦፊስን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነን አንድ ወር እንሞክረው። የቆዩ ፋይሎቻችን በትክክል መከፈታቸውን፣ ደረሰኞቻችን መታተማቸውን ካረጋገጥን በኋላ ወደ ሌሎቹ እንሻገር።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።